ከመነዳሪውን ከመጣላችን በፊት

በቅርቡ በጅዳና በመካ የምንገኝ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ ስንከራከር አመሸን። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ፥ እንዲያውም አስቂኝ ነው። ወሎ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የወጣቶች ሰርከስ ቡድን ሰባት ባለ አንድ ጎማ ብስክሌቶች ገዝተን በጅዳ ወደብ በኩል ለመላክ ተዘጋጅተናል። ከመላካችን በፊት የሰባቱንም ከመነዳሪ አውጥተን መንኮራኩሮቹን ቱብለስ እናድርጋቸው ወይስ እንዳሉ እንላካቸው? ክርክሩ ይህ ነበር። ሌሊቱ ተጋመሰ፥ ሻዩ አለቀ፥ ስምምነት ግን አልተገኘም።

አንባቢ «በዚህ ዘመን ለአገር ልጅ የሚያስጨንቅ ነገር ጠፍቶ ነው ወይ?» ሊል ይችላል። ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በትንሹ ጥያቄ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ለአገር ቤት ወገናችን የሚበጀውን ስንመርጥ በማን ዓይን አይተን ነው የምንመርጠው? በዕቃ መደብር ባየነው ነው ወይስ ዕቃው ሲበላሽ ሊያበጀው በሚቀመጠው ሰው ዓይን?

በቅድሚያ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ቱብለስ እናድርጋቸው የሚለውን ሐሳብ ወደ ስብሰባው ያመጣሁት እኔው ነኝ። ዛሬ አቋሜን ለውጫለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በጓደኞቼ ላይ የቀረበ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለሂስም ነው።

፩. ነገሩ ከሥሩ ሲታይ

እስቲ በመጀመሪያ ስለምን እንደምንነጋገር እንግባባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአየር የሚነፋ ጎማ ለብስክሌት እንዲውል ያደረገው በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው፤ ዓመቱም 1888 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው አሠራር አንድ ነው። ከውጭ ወፍራሙ ጎማ አለ፤ ከውስጥ አየሩን የሚይዘው ቀጭኑ ከመነዳሪ አለ፤ ሁለቱንም የሚሸከመው ቸርኬው ነው። ቱብለስ ማለት ከመነዳሪው ቀርቶ ጎማውና ቸርኬው ራሳቸው ተጋጥመው አየሩን ሲይዙ ነው። በአሜሪካ የጉድሪች ኩባንያ ይህን ለመኪና በ1940ዎቹ መጨረሻ አቀረበ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳዲስ የአሜሪካ መኪናዎች ቱብለስ ለብሰው ይወጡ ነበር። ለተራራ ብስክሌት ግን አሠራሩ መልክ ይዞ ገበያ ላይ የዋለው በ1999 ነው። መኪናው ከብስክሌቱ አርባ ዓመት በላይ ቀደመ ማለት ነው።

ለምን? መልሱ ለክርክራችን ቁልፍ ስለሆነ ልብ ይባል። የመኪና ቸርኬ ወጥ ብረት ነው፤ ቀዳዳው የቫልቩ ብቻ ነው። የብስክሌት ቸርኬ ግን በሽቦዎች የተወጠረ በመሆኑ ለያንዳንዱ ሽቦ አንድ ቀዳዳ አለው። በባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 36 ቀዳዳዎች አሉ። ቱብለስ ይሁን ከተባለ እነዚህ 36 ቀዳዳዎች አየር በማያስወጣ ቴፕ ዙሪያውን መታሸግ አለባቸው። የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር ጥብቅ ብሎ መግጠም አለበት። ለብቻው የተሠራ ቫልቭ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ጎማው ውስጥ የሚፈስና ትናንሽ ቀዳዳዎችን እየዞረ የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመራል፤ ለአንድ መንኮራኩር እንደ ጎማው ስፋት ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ፈሳሹ በአብዛኛው የተፈጥሮ ጎማ ወተት ነው። አየር ሲነካው ይረጋል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ደካማ ጎኑም እንዲሁ ይኸው ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

፪. የለውጡ ደጋፊዎች ምን ይላሉ?

የተቃራኒን ሐሳብ አሳንሶ አቅርቦ መርታት ቀላል ነው፤ ግን አያስተምርም። ስለዚህ የደጋፊዎቹን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ ላቅርበው። ትናንት የኔም ክርክር ነበርና አውቀዋለሁ።

አንደኛ፥ በባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ የነጂው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ጎማ ላይ ነው። ነጂው በድንጋይ ላይ ሲዘል ወይም ከደረጃ ሲወርድ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ብስክሌተኞች ይህን «የእባብ ንክሻ» ይሉታል። ከመነዳሪ ከሌለ የሚቆነጠጥ ነገር የለም።

ሁለተኛ፥ የመቆንጠጡ ሥጋት ስለሚቀንስ የአየሩን ግፊት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዝቅ ያለ ጎማ መሬቱን ይጨብጣል፤ ኮረኮንቹንም ይውጠዋል። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ መሪም ፍሬንም ሳይኖር ሚዛን ለሚጠብቅ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፥ የወሎ መንገድ እሾህ አያጣም። የግራር እሾህ ከመነዳሪን እንደ መርፌ ይበሳል። ፈሳሹ ያለበት ጎማ ግን እሾሁ ሲወጣ ቀዳዳውን ራሱ ይዘጋል።

አራተኛ፥ ቱብለስ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚመላለሱት የቤት መኪናዎች በብዛት ቱብለስ ናቸው፤ ጎሚስታውም ለምዶታል። «ለመኪና የተፈቀደ ለሕፃናት ብስክሌት የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይላሉ ጓደኞቻችን። አንዱ እንዲያውም «ለአገር ቤት ሲሆን አሮጌው ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ንቀት ነው» ሲል ተናገረ። ይህ አባባል ከባድ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

፫. ከሐቅ ጋር ስንፋጠጥ

እኔ ጅዳ ውስጥ ባለ 24 ኢንች ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት አለኝ። ባለፈው ዓመት በገዛ እጄ ቱብለስ አደረግሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ደስታ ነበሩ። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ በኮርኒሹ ባሕሩን ይዤ ስነዳ ጎማው ምንጣፍ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። በዚያው ደስታ ነው ለአገር ቤትም ይሁን ያልሁት።

ከዚያ በጋው ገባ። የጅዳን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፥ ሌሊቱም ከእርጥበቱ ጋር አያስተኛም። ፈተና ስለነበረብኝ ብስክሌቱን ሰገነት ላይ ትቼ ረሳሁት። ፈሳሹ በደህና አየር ከሁለት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ የሚችል ነው፤ በሙቀት ግን ቶሎ ይደርቃል። የእኔውም ደርቆ ከጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ተጋግሮ ነበር። እኔ ግን ጎማውን ጫን ብዬ አየሁና ደህና ነው ብዬ ወጣሁ። የመንገድ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ዘልዬ ሳርፍ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ለቀቀ፤ አየሩ አንዴ «ጷ» ብሎ ወጣ። ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት ላይ ይህ ቢደርስ በሌላው ጎማ ተደግፎ መቆም ይቻል ይሆናል። ባለ አንዱ ላይ ሌላ ጎማ የለም። እጄን ዘርግቼ ወደቅሁ፤ አንጓዬ ለሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ።

ጥፋቱ የቱብለስ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ጎማውን ከፍቼ ማየት፥ ፈሳሹን መሙላት፥ የአየሩን ግፊት መለካት ነበረብኝ። ግን ከዚህ ጥፋት የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ቱብለስ ከእንክብካቤ ነፃ የሚያወጣ ዕቃ አይደለም። የከመነዳሪ ችግር ሲመጣ ይታያል፤ ጎማው ይተነፍሳል፥ ሰውዬው ይወርዳል፥ ይለጠፋል። የቱብለስ ችግር ተደብቆ ይቆይና በዝላይ መካከል ይገለጣል። እኔ ፈሳሹን የሚሸጥ ሱቅ ባለበት ከተማ እየኖርሁ ይህ ከደረሰብኝ፥ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሕዝብ ፊት ትርዒት ስታሳይ ቢደርስባት ተጠያቂው ማን ነው? ዕቃውን የላክነው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ሰባቱን ብስክሌቶች አንድ በአንድ እንመልከት። አራቱ ባለ 20 ኢንች ናቸው፤ ለመድረክና ለአዳራሽ ወለል የታሰቡ። ልሙጥ ወለል ላይ እሾህ የለም፥ የሚቆነጥጥ ድንጋይም የለም። በዚያ ላይ ጎማው ጠንከር ብሎ ሲነፋ ነው ልጁ በቦታው የሚሽከረከረው። ታዲያ ለእነዚህ አራቱ ቱብለስ የሚፈታው ችግር የትኛው ነው? አንድም የለም። የተቀሩት ሦስቱ ባለ 24 ኢንች ናቸው፤ ቡድኑ ከከተማ ወጥቶ በገበያ ቀን ሜዳ ላይ ሲያሳይ የሚነዱ። የደጋፊዎቹ ክርክር የሚመለከተው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው። እኛ ግን ሰባት ሙሉ ዕቃ ልንገዛ ነበር! ችግሩን ሳንመረምር መፍትሔውን ስለወደድነው ነው።

፬. ጎሚስታው የተረሳበት ክርክር

በዚያ ምሽት ስለ ቴፕ፥ ስለ ቫልቭ፥ ስለ ፈሳሽ ብዙ ተባለ። ስለ አንድ ሰው ግን ማንም አልተናገረም፤ እሱም ጎሚስታው ነው።

በአገራችን አውራ ጎዳና ላይ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማ በገቡ ቁጥር አሮጌ ጎማ ቆሞ ይታያል፤ ምልክቱ ያ ነው። አንድ ኮምፕሬሰር፥ አንድ የውኃ ገንዳ፥ ማስቲሽ፥ የከመነዳሪ ቁራጭ፥ ጎማ ማውለቂያ ብረት። በዚህች መሣሪያ የከባድ መኪናውን፥ የባጃጁን፥ የሞተር ብስክሌቱን፥ የጋሪውን ጎማ ይለጥፋል። ከመነዳሪ የሚለጥፍ ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል። ከመነዳሪው አርጅቶ ሲጣል እንኳ አይሞትም፤ ተቆርጦ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። የውጩ ጎማም በረባሶ ይሆናል። ይህ ሁሉ በምክር ቤት ያልታቀደ፥ ሕዝቡ በገዛ እጁ ያቋቋመው የጥገና ሥርዓት ነው።

«ጎሚስታው የመኪና ቱብለስ ያውቅ የለም ወይ?» ለሚለው መልሱ ከላይ ያልሁት ነው። የመኪና ቸርኬ ወጥ ብረት ነው፤ ፈሳሽ አይሻም፥ ቴፕ አይሻም። የእኛ ቸርኬ 36 ቀዳዳ ነው። ሌላም አለ። ለብስክሌት ቱብለስ በብዛት የሚሸጠው ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አፍ የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው፤ ማገናኛ ካልተገኘ አይገጥምም። የቱብለስ ጎማ ጠርዝ ደግሞ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ብዙ አየር ባንድ ጊዜ መግባት አለበት፤ በእጅ ፖምፓ ብዙውን ጊዜ አይሆንም። እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ አጠገባችን ቆሞ ልጆቹ አየር አጥተው ሊቀመጡ ነው። የአንድ ጣት ቁራጭ የምታህል ማገናኛ በመጥፋቷ ሰባት ብስክሌት መጋዘን ሊገባ ነው።

ይህ የተጋነነ ነው የሚል ካለ፥ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን በቅን ልብ ተልኮ አንድ ዕቃ ጎድሎት የቆመ መሣሪያ አይቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ከስብሰባው በኋላ ለቡድኑ አሠልጣኝ ስልክ ደወልሁ። ማድረግ የነበረብኝ ከስብሰባው በፊት ነበር። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ወንድሜ፥ የሚያስፈልገውን እናንተ ታውቃላችሁ አልልህም። መንኮራኩሩን ከላካችሁልን አይቀር ግን ሲበላሽ የምናበጅበትንም አብራችሁ ላኩልን» አለኝ። ከዚያ እኔ ያላሰብሁትን ነገረኝ። ልጆቹ እስካሁን ባሉት በሁለቱ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ከመነዳሪውን የሚለጥፉት ራሳቸው ናቸው። መንኮራኩሩን ከሹካው ሳያወልቁ የጎማውን አንድ ጎን ብቻ ከፍተው፥ የተበሳውን ክፍል ስበው አውጥተው ለጥፈው ይመልሱታል። ሁለቱ ልጆች በዚህ ሙያ ጎሚስታ ዘንድ በትርፍ ሰዓት መሥራት ጀምረዋል። እኛ «ኋላ ቀር» ብለን ልናስወግደው ያሰብነው ከመነዳሪ ለሁለት ልጆች የእንጀራ መንገድ ከፍቷል ማለት ነው።

፭. ንቀት የቱ ነው?

አሁን ወደዚያ ከባድ አባባል ልመለስ። «ለአገር ቤት አሮጌው ይበቃል ማለት ንቀት ነው» ተብሏል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ንቀት ነው። ግን ሌላም ንቀት አለ። ሰውን ሳይጠይቁ የሚበጀውን መወሰን፥ ያለውን ሙያ እንደ ሌለ መቁጠር፥ በገዛ እጁ የሚያበጀውን ነስቶ ከጅዳ ጠርሙስ ፈሳሽ የሚጠብቅ ጥገኛ ማድረግ። ይህ ንቀት የበለጠ ያስፈራል፤ የስጦታ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ አይታወቅም።

የአገራችን ሰርከስ ታሪክም የሚያስተምረን አለ። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ከተቋቋመ ወዲህ በጅማ፥ በትግራይ፥ በናዝሬት ቡድኖች ተነሡ፤ በ2004 ደግሞ ፈቃት ሰርከስ አዲስ አበባ ውስጥ ተመሠረተ። ሙያው ከልጅ ወደ ልጅ የተላለፈው ትልልቆቹ ትንንሾቹን እያሠለጠኑ ነው። በውድ ዕቃ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ሰርከስ የመንደር ልጅ ሙያ ባልሆነ ነበር።

በዚህ በጅዳ የምንኖር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወሮች ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ ያፈሩትን ንብረት ይዘው መግባት አልቻሉም። ልብሱ ቀረ፥ ዕቃው ቀረ። ያልቀረ ነገር ቢኖር እጃቸው ላይ የነበረው ሙያ ነው። ሙያ ካርጎ አይጠይቅም፥ ቀረጥም አይከፈልበትም። ዕቃ ስንልክ ከዕቃው ጋር ሙያ የሚሄድ መሆኑን ካላረጋገጥን ግማሹን ብቻ ነው የላክነው።

፮. ምን ይደረግ?

ተቃውሞ ብቻ አቅርቦ መቀመጥ አይገባም። የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ. አራቱ ባለ 20 ኢንች ብስክሌቶች ከነከመነዳሪያቸው ይሂዱ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፥ የመኪና ቫልቭ ያለው፥ ይጨመር። የሽቦዎቹ ጫፍ ከመነዳሪውን ከውስጥ እንዳይበሳው በቸርኬው ዙሪያ የሚጠመጠመው ጥብጣብ አዲስ ይሁን።

ለ. ከሦስቱ ባለ 24 ኢንች ሁለቱም እንዲሁ ይሂዱ፤ ግን ሰፋ ባለ ጎማና ወፈር ባለ ከመነዳሪ። ከሚቆነጠጡት አብዛኞቹ የሚቆነጠጡት ጎማው ጠቦ ወይም አየሩ አንሶ ነው። ይህ በርካሽ የሚቃና ነው።

ሐ. ሦስተኛው ለሙከራ ቱብለስ ይሁን፤ ግን ውዱን ዕቃ ገዝተን አይደለም። ብስክሌተኞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚሠሩበት አንድ ዘዴ አለ። ባለ 20 ኢንች ከመነዳሪ ባለ 24 ኢንቹ ቸርኬ ላይ ተለጥጦ ይገባል፤ ከዚያ ከውጭ በኩል መካከሉ ዙሪያውን በመቀስ ይሰነጠቅና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ጎማው በላዩ ይገባል፤ ጥቂት ፈሳሽ ተጨምሮ በኮምፕሬሰር ይነፋል፤ በጠርዙ የተረፈው ይከረከማል። እንዲህ ሲሆን 36ቱን ቀዳዳዎች የሚያሽገው ራሱ ከመነዳሪው ነው። ቫልቩም የመኪና ቫልቭ ስለሆነ የጎሚስታው አፍ ይገጥመዋል። ፈሳሹ ያለቀ ዕለት ይህን አውጥቶ ደህና ከመነዳሪ መመለስ ነው፤ ብስክሌቱ አንድ ቀን እንኳ አይቆምም። ልጆቹ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ነድተው ይመስክሩ፤ ውሳኔው የእነሱ ይሁን። እስከዚያው ግን በዚህ መንኮራኩር ከፍ ያለ ዝላይና ወደ ጎን መዝለል አይፈቀድ። እኔ የወደቅሁት በዚህ ነውና።

መ. ለሰባት ቱብለስ ዕቃ የተመደበው ገንዘብ ይተርፋል። በትርፉ ማስቲሽ፥ መለጠፊያ፥ ጎማ ማውለቂያ፥ የሽቦ መወጠሪያ ቁልፍና አንድ ደህና ፖምፓ ከግፊት መለኪያው ጋር ይገዛ። ከዚያም የሚተርፈው በዚያው ከተማ ላለ ጎሚስታ ይከፈልና ልጆቹን ለጥቂት ቅዳሜዎች ያሠልጥን። እሱም ከልጆቹ የሚማረው አያጣም።

ሠ. ስለ አያያዙ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ። የጽሑፉን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።

ቱብለስን የምጠላ አይደለሁም። የእኔን ብስክሌት ፈሳሹን አድሼ አሁንም በቱብለስ እነዳለሁ፤ በየወሩ ከፍቼ አየዋለሁ። በአገር ቤትም ፈሳሹን የሚሸጥ ሱቅና የሚያውቀው ጎሚስታ ሲገኝ ልጆቹ ራሳቸው ይቀይሩታል፤ የሚነግራቸው አያሻቸውም። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው። መጀመሪያ የሚያበጀው ሰው፥ ቀጥሎ የሚበጀው ዕቃ።

ሳጥኑ ገና አልታሸገም። ከወደቡ እስከ ጅቡቲ፥ ከጅቡቲ እስከ ወሎ ረጅም መንገድ አለው፤ አንዴ ከሄደ የረሳነውን ማገናኛ ልናቀብለው አንችልም። ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት በሌላ አገር ያላችሁ ጓደኞቻችንም ተመሳሳይ ዕቃ ልካችሁ ያጋጠማችሁን፥ ደግም ሆነ ክፉ፥ በዚህ መጽሔት ጻፉልን። የተሳሳትሁትም ካለ አርሙኝ፤ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ታርሜአለሁ፥ ሁለተኛው አያሳፍረኝም።

ከጅዳ፥ አንድ የማኅበሩ አባል